ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ፣ ድምፁስ?



ዛሬ በከተሞቻችን ውጭ አገር ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ይቸግራል። የአንዱ እኅት ቤሩት፣ የሌላው ልጅ ሪያድ፣ የጎረቤቱ ወንድም ጆሃንስበርግ ነው። የቤት ኪራዩን፣ የታናናሾቻቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናታቸውን መድኃኒት የሚችሉት እነሱ ናቸው። መንግሥትም የውጭ ምንዛሪ ሲያጥረው ገንዘባችሁን በባንክ ላኩ እያለ ይማጸናቸዋል። የምርጫ ቀን ሲደርስ ግን የሚያስታውሳቸው የለም።

ሕገ መንግሥቱ አላስቀራቸውም። አንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ የመምረጥን መብት ሲሰጥ «አገር ውስጥ የሚኖር» የሚል ቃል አልጨመረም። ያስቀራቸው የምርጫ ሕጉ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 532 መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ጠየቀ፤ የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1162ም ይህንኑ ደገመ። ከደብረ ብርሃን ወደ ሐዋሳ ለተዛወረ ሰው ይህ ተገቢ ነው። ደማም ውስጥ በሰው ቤት ለምትሠራ ወጣት ግን በሩን ከነአካቴው መዝጋት ነው።

«አገር ውስጥ የሌለ ሰው እንዴት ይመርጣል?» ይሉናል። አገራችን የሌሎችን ምርጫ ስታስተናግድ አላየንምን? በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በኤርትራ ሪፈረንደም አዲስ አበባ የሚኖሩ ኤርትራውያን እዚሁ ሆነው ድምፅ ሰጥተዋል። በጥር 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳናውያን ስለ ነፃነታቸው ሲወስኑ ከሱዳን ውጭ ድምፅ ከተሰጠባቸው 8 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ጎረቤታችን ኬንያ በ2005 ዓ.ም. በአራት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ጀምራ በ2014 ዓ.ም. ምርጫ እስከ ኳታር ድረስ ዘልቃለች። ከፓሪስ ከ9 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በሕንድ ውቅያኖስ ርቃ የምትገኘው የፈረንሳይ ደሴት ሬዩኒየንም 7 እንደራሴዎቿን ፓሪስ ምክር ቤት ትልካለች።

ከቤታችንም ምሳሌ አለ። ከሐረሪ ክልል ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ለብሔራዊ ጉባኤያቸው ባሉበት ሆነው ሲመርጡ ኖረዋል። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ ይህን ባልተቀበለ ጊዜ ጉዳዩ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ተፈርዶላቸዋል። ስለዚህ ባሉበት ሆኖ መምረጥ ለሕጋችን እንግዳ ነገር አይደለም።

ገዥዎች የሚፈሩት ሌላ ነው፤ ዳያስፖራው ሁሉ የተቃዋሚ ደጋፊ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ማንን እንደሚመርጡ አናውቅም። ዋሽንግተን ላይ ሰልፍ የሚወጣውና ጅዳ ላይ ልብስ የምትተኩሰው አንድ ዓይነት ሐሳብ አላቸው ያለው ማን ነው? እኛን ባይመርጡም መብታቸው ነው።

ለመሆኑ በነሱ ጉዳይ የሚወስነው ማን ነው? በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ150 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ተባረው ሲመጡ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ቤሩት ላይ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን በቆንስላችን በር ላይ ጥለው ሲሄዱ አይተናል። የሥራ ስምምነት የሚፈርመው፣ ቆንስላ የሚከፍተውና የሚዘጋው በምርጫ ሥልጣን የሚይዝ መንግሥት ነው። ያንን መንግሥት የመምረጥም ሆነ የማውረድ ድምፅ የሌላት ልጅ አቤቱታዋን ማን ከቁም ነገር ይቆጥርላታል?

ፓርቲያችን ከተመረጠ የምርጫ አዋጁን ያሻሽላል። ለውጭ ነዋሪዎች አዲስ መቀመጫ እንፍጠር አንልም፤ ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ ሲኖረው የሕገ መንግሥቱ ጣሪያ 550 ነው። ድምፃቸው ከመሄዳቸው በፊት በኖሩበት የምርጫ ክልል ይቆጠር እንላለን፤ የመርካቶው ልጅ ለመርካቶ፣ የደሴዋ ለደሴ። ሕገ መንግሥቱን መንካት አያስፈልግም። የሌላ አገር ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በዚህ አይካተቱም፤ ቅር የሚላቸው እንዳሉ እናውቃለን፤ እኛ የምንናገረው የኢትዮጵያን ፓስፖርት ስለያዘው ዜጋ ነው።

ምርጫው በኤምባሲና በቆንስላ ግቢ ቢካሄድም የሚያስፈጽሙት የምርጫ ቦርድ ሰዎች እንጂ ዲፕሎማቶች መሆን የለባቸውም፤ የፓርቲ ታዛቢዎችም ይገኙ። አንድ ቀን ብቻ አይበቃም። የደቡብ ሱዳናውያኑ ድምፅ አሰጣጥ 7 ቀን ፈጅቷል። በዓረብ አገር ያለች ሠራተኛ ፈቃድ የምታገኘው፣ ካገኘችም፣ ብዙውን ጊዜ አርብ ነውና አርብ የግድ መካተት አለበት። ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘባት እንደሆነም ቆንስላው መዝገብ ላይ ስሟ ካለ ድምፅ ትስጥ።

የየሠፈራችሁን ዕጩዎች ስታገኙ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ አቋማችሁ ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቋቸው። ውጭ ላለችው ልጃችሁም መልሳቸውን በስልክ ንገሯት።