ማሲንቆውን ማን ይቅረጸው?

«በኮምፒውተር የተሠራ ኦርኬስትራ ውሸት ነው» የሚሉ ሰዎች ሰልችተውኛል። እዚህ ማራኪ በአሮጌ ላፕቶፕ የማቀናብረውን ቫዮሊን የሆነ ቀን የሆነ ሰው በእውነተኛ ደጋን ገዝግዞታል። ስፒትፋየር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የቢቢሲን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ለንደን ማይዳ ቬል ስቱዲዮ አስገብቶ መሣሪያዎቹን ድምፅ በድምፅ ቀርጿል፤ ለስላሳውን ለብቻ፣ ኃይለኛውን ለብቻ፣ በጣት የሚነካውን ለብቻ። ትንሹን ቅጂ በነፃ ታወርዱታላችሁ። ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?

ውሸቱ ያለው ማሲንቆው ላይ ነው።

በዚያው ላፕቶፕ ማሲንቆ ስፈልግ የማገኘው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ጉልበት የሚያለቅስ የኪቦርድ ድምፅ ነው። አሥር ጊዜ ብትነኩት አሥር ጊዜ ያንኑ ይደግማል። አዝማሪ እየሰማ ላደገ የጎንደር ጆሮ ይህን ማቅረብ ድፍረት ነው። (ክራሩ ትንሽ ይሻላል፤ ተመትቶ የሚጠፋ ድምፅ ለመቅረጽ ይቀላል።)

ማሲንቆ እኮ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው። ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ የለውም፤ ጣቱ ክሩን አየር ላይ ነው የሚነካው። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ ይንሸራተታል፤ ጣዕሙ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ኪቦርዱ ግን ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ ቆርጦ ይጠብቃችኋል። አንቺሆዬን እዚያ ላይ ሞክሯትና ፍረዱ። «ሶፍትዌሩ አይችልም» እንዳትሉኝ፤ ቅኝቱን መቀየር፣ ድምፁን ማጠፍ፣ ጉልበቱን ከ0 እስከ 127 መለካት ይችላል። ያልተቀረጸ ጣት ግን ከየት ያምጣ?

«ገበያ የለውም» ይሉኛል። ለንደን የተቀረጸውን ቫዮሊን ነፍስ ለመዝራት ሦስት ሌሊት የሚያድረው አቀናባሪ ለማሲንቆው ሦስት ደቂቃ አይሰጥም፤ ከዚያ «የባህል ሙዚቃ» ብሎ ይለቅልናል። ገበያውን መጀመሪያ የዘጋውስ ማን ሆነና?

ጸጥ ያለ ክፍል፣ ደህና ማይክ፣ ትዕግሥት ያለው ልጅና አንድ ባለማሲንቆ ይበቃሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ እዚሁ አጠገባችን ነው፤ እዚያ ቢጀመር ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም፦ ባለማሲንቆው የሚከፈለው የአንድ ቀን አበል መሆን የለበትም። ስሙ ሥራው ላይ ይጻፍ፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭም ድርሻ ይኑረው፣ ውሉንም የሚያምነው ሰው ቁጭ ብሎ ያንብብለት። በሚቀጥለው ሠርግ ላይ እሱን ተክቶ የሚጫወተው ኪቦርድ የራሱን ጣት ይዞ ነው የሚመጣው።