ኮምፒውተሩ ለካ ተኝቶ ነበር

ወገኖቻችን፣ ያረፍንበት ቤት ኮምፒውተር አለ። ባትሪ የለውም፤ ያለ መብራት አይሠራም። ባለፈው ሳምንት የእድሩን መዋጮ ጻፍንበት። ሲመሽ የሣጥኑን ቁልፍ ተጫንን። ስክሪኑ ጨለመ። ጠፋ ብለን ወደ መኝታችን ሄድን።

አልጠፋም። ተኝቶ ነበር! የተኛ ኮምፒውተር የተጀመረውን ሥራ በጊዜያዊ ማስታወሻው ይዞ ያድራል። ይህ ማስታወሻ መብራት ሲሄድ ባዶ ይሆናል። ሌሊት መብራት ሄደ። ጠዋት ብንከፍተው ዝርዝሩ የለም። አንዲት እናት «እኔ እኮ ከፍያለሁ!» አሉን። እውነታቸውን ነው። ግን ከየት አውጥተን እናሳያቸው? አፈርን። ቤት ለቤት ዞረን እንደገና ጻፍን።

ኮምፒውተር ሲዘጋ ግን ሌላ ነው። ያልተቀመጠ ጽሑፍ ካለ «ላስቀምጠው?» ብሎ ይጠይቃል። ሲተኛ አይጠይቅም።

ስለዚህ የቁልፉን ሥራ ለወጥነው። ዊንዶውስ 10 ላይ እንዲህ ነው። ኮንትሮል ፓነልን ክፈቱ። ፓወር ኦፕሽንስን ንኩ። በግራ በኩል «ቁልፎቹ ምን ይሥሩ» የሚል መስመር አለ፤ ንኩት። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነውና የሚያነብ ልጅ አጠገባችሁ ይቀመጥ። ስሊፕ ማለት ማስተኛት ነው። በሱ ፈንታ ሻት ዳውንን፣ ማለት መዝጋትን፣ ምረጡ። ከታች ሴቭ ቼንጅስን ካልነካችሁ ለውጡ አይያዝም። እኛም መጀመሪያ ረስተነው ነበር።

ቁልፉን አንዴ ተጭኖ መልቀቅ ነው። ተጭናችሁ ከቆያችሁ ሳይጠይቅ ድርግም ይላል።