ታሪካዊ ሕንፃ አገልግሎቱ ሲለወጥ የእሳት አደጋ ኃላፊነቱ የማን ነው?

እ.ኤ.አ ኦገስት 31 ቀን 2023 ሌሊት በደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ ከተማ እምብርት በሚገኝ ባለአምስት ወለል ሕንፃ ላይ የተነሳ እሳት የ76 ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። የመውጫ በሮችን ተቆልፈው ያገኟቸው ነዋሪዎች ከመስኮት ለመዝለል ተገደዋል። አደጋው በወቅቱ በስፋት የተነገረው ከነዋሪዎቹ ድህነትና ከስደተኝነት ጋር ተያይዞ ነበር። ሕንፃው የታሪክ መታሰቢያ ሰሌዳ የተለጠፈበት የከተማው አስተዳደር ንብረት መሆኑ ግን ለመንግሥት ተቋማትና ለሥራ ኃላፊዎች ከሁሉም በላይ ሊያሳስብ የሚገባ ጉዳይ ነው።

በአልበርት ጎዳና ቁጥር 80 ላይ የሚገኘው ይህ ሕንፃ እ.ኤ.አ በ1954 የተሠራው ለቢሮ አገልግሎት ነው። በአፓርታይድ ሥርዓት ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን በከተማዋ ለመሥራትና ለመኖር የሚያስፈልጋቸውን የይለፍ ደብተር ለማግኘት ተሰልፈው የሚውሉት በዚሁ ሕንፃ በር ላይ ነበር። የይለፍ ሕጉ እ.ኤ.አ በ1986 ከተሻረ በኋላ ባሉት ዓመታት ሕንፃው ኡሲንዲሶ ለተባለ ድርጅት ተከራይቶ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችና ልጆቻቸው የሚጠለሉበት ቤት ሆነ። ኋላም ድርጅቱ ለቆ ሲወጣ ሕንፃው ባለቤት እንደሌለው ንብረት ተትቶ በሕገወጥ አከራዮች እጅ ወደቀ። ሰፋፊዎቹ ክፍሎች በእንጨት፣ በካርቶንና በመጋረጃ እየተከፋፈሉ ለመኖሪያነት ተከራዩ።

ግድግዳው ያው ነው፤ በውስጡ ያለው ሰው ግን ሁለት ጊዜ ተለውጧል። የጉዳዩ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። ቢሮ ሠራተኛ ነቅቶ የሚውልበት፣ ሲመሽም ዘግቶት የሚሄድ ቤት ነው። መጠለያ ደግሞ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕሙማን ተኝተው የሚያድሩበት ነው። የተኛ ሰው ጭሱን ሸትቶ እስኪነቃ፣ ልጁን አቅፎ በጨለማ ደረጃውን እስኪያገኝ ድረስ የሚያልፉት ደቂቃዎች ለሞት በቂ ናቸው። ለቢሮ በቂ የነበረ መውጫ ለመኝታ ቤት በቂ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁንና በብዙ አገሮች እንደሚታየው የአንድ ነባር ሕንፃ አገልግሎት ሲለወጥ የሚዘጋጀው የርክክብ ሰነድ ክፍሎችን፣ ወንበሮችንና ቁልፎችን ሲቆጥር፣ ሕንፃው በአንድ ጊዜ ስንት ሰው በሰላም ሊያስወጣ እንደሚችል አይመዘግብም።

አደጋውን እንዲያጣራ የተቋቋመውና በቀድሞዋ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ ሲሲ ካምፔፔ የተመራው ኮሚሽን የመጀመሪያ ክፍል ሪፖርቱን እ.ኤ.አ በሜይ 2024 ይፋ አድርጓል። ከዚያ ቀደም ሲል አንድ ግለሰብ እሳቱን የለኮሰው እሱ መሆኑን ለኮሚሽኑ በመናገሩ በቁጥጥር ሥር ውሏል። ጉዳዩ በአንድ ወንጀለኛ ተሳቦ ሊዘጋ ይችል ነበር። ኮሚሽኑ ግን በዚያ አላበቃም። የከተማው አስተዳደርና የከተማዋን ንብረቶች የሚያስተዳድረው ኩባንያ ሕንፃው የነበረበትን አስከፊ ሁኔታ ቢያንስ ከ2019 ጀምሮ ያውቁ እንደነበር፣ ግዴታቸውን ተወጥተው ቢሆን ኖሮም የጉዳቱ መጠን ይቀንስ እንደነበር አስታውቋል። እሳቱን የለኮሰውና ሞቱን ያበዛው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን በዚህ መልኩ ለይቶ ማስቀመጡ የሪፖርቱ ዋነኛ ፋይዳ ነው ለማለት ያስደፍራል።

አንድ መሥሪያ ቤት ሕንፃውን ለሌላ አካል በማከራየቱ ወይም በትውስት በመስጠቱ ከባለቤትነት ግዴታው አይወጣም። ተከራዩ ሄዶ ሌላ ሰው ያለፈቃድ ሲገባበትም ግዴታው አብሮ አይጠፋም፤ እንዲያውም የሚከብደው ያኔ ነው።

ዕድሜ ጠገብ ሕንፃዎች ከአዳዲሶቹ ይልቅ ለእሳት የሚጋለጡባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። አብዛኞቹ በመሀላቸው ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ክፍት የሆነ ሰፊ ደረጃ አላቸው። ለዓይን የሚማርከው ይህ ደረጃ እሳት ሲነሳ የጭስ ማውጫ ሆኖ መርዛማውን ጭስ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወደ ላይኛው ወለል ያደርሰዋል። ብዙውን ጊዜ ብቸኛው መውጫም እሱው ነው። ከእንጨት ወለል በታችና ከኮርኒስ በላይ ያሉት ክፍት ቦታዎች እሳቱ ሳይታይ ከክፍል ወደ ክፍል እንዲሻገር መንገድ ይሆኑታል። በዚህ ላይ ለጥቂት አምፖሎች ተብሎ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር ኮምፒዩተር፣ ምድጃና የአየር ማቀዝቀዣ ሲቀጠልበት አደጋው ይብሳል።

መፍትሔው ግን ሕንፃውን ማፍረስ ወይም ባዶውን መተው አይደለም። ደረጃውን በየወለሉ ጭስና እሳት በሚያግዱ በሮች መከለል፣ በጓሮ በኩል ሁለተኛ መውጫ ማከል፣ የጭስ ጠቋሚና የማንቂያ ደወል መዘርጋት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን በአዲስ መተካት ይቻላል። በቅርሱ ላይ ጉዳት ሳያደርስ ሊጨመር የማይችል ነገር ሲኖርም ሌላ አማራጭ አለ፤ የሚገባውን ሰው ቁጥር መወሰን፣ የላይኛውን ወለል ለማደሪያነት አለመጠቀም ወይም ለመዝገብ ቤት አለመስጠት። ይህ ገንዘብ ሳይሆን ውሳኔ ብቻ የሚጠይቅ ነው። የጥበቃ ባለሙያዎች ለዘመናት ውኃን ከእሳት ባልተናነሰ ሲፈሩት ቢቆዩም፣ በ2019 የተቃጠለው የፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል ሲታደስ በጣሪያው የእንጨት አውታር ውስጥ ውኃን እንደ ጉም አድቅቆ የሚረጭ መሣሪያ እንዲተከል መደረጉ አመለካከቱ መለወጡን ያሳያል።

መሣሪያ መትከል ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ደግሞ ያችው ደቡብ አፍሪካ ከጆሃንስበርጉ አደጋ ቀደም ብላ አይታለች። እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 2 ቀን 2022 በኬፕታውን የሚገኘው የአገሪቱ ፓርላማ በእሳት ተያያዘ። እሳቱ ከነባሩ የምክር ቤት ሕንፃ ተነስቶ ብሔራዊ ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበትን አዳራሽ አወደመ። ዕለቱ እሑድ፣ ወቅቱም የዕረፍት ጊዜ ስለነበር የሰው ሕይወት አልጠፋም። የከተማው የእሳት አደጋ አገልግሎት ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት መሠረት ሕንፃው አውቶማቲክ የውኃ መርጫ ቢኖረውም ቫልቩ ተዘግቶ ነበር። እሳት እንዲያግዱ የተገጠሙት በሮች ተከፍተው እንዲቆዩ በመቀርቀሪያ ተይዘው ስለነበር ሙቀትና ጭስ በነፃነት አልፎባቸዋል።

ለተመላላሽ ሠራተኛ እንዲመች በር ከፍቶ ማሰር በየመሥሪያ ቤቱ የሚታይ ልማድ ነው፤ አንዳንድ ቦታም መደገፊያው ራሱ የእሳት ማጥፊያው ሲሊንደር ነው። ለመግጠሚያ በጀት የያዘ ተቋም ለዓመታዊ ፍተሻ ካልያዘ ወይም ለፍተሻው በስም የሚጠየቅ ሠራተኛ ካልመደበ ያወጣው ገንዘብ ለግድግዳ ጌጥ እንደዋለ ይቆጠራል።

የጆሃንስበርጉ ጉዳይ በቅርስ ሕግና በደህንነት ሕግ መካከል ያለውን ክፍተትም ያመለክታል። በደቡብ አፍሪካ በ1999 የወጣው የቅርስ ሕግ ዕድሜው ከ60 ዓመት በላይ የሆነን ሕንፃ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ መለወጥም ሆነ ማፍረስን ይከለክላል። ሕጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚጠብቀው ግድግዳውን እንጂ በውስጡ የሚያድረውን ሰው አይደለም። ሰውን የሚጠብቀው ሌላ ሕግ፣ የሚያስፈጽመውም ሌላ ክፍል ነው። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ካልተገናኙ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ዓመታት ያልፋሉ።

ኢትዮጵያም ነባር ሕንፃዎችን ለአዲስ አገልግሎት በማዋል ረገድ ረጅም ልምድ አላት። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ውሏል። የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ታድሶ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ አንድነት ፓርክ በሚል ስያሜ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። የአንድ ቤተሰብና የአሽከሮቹ መኖሪያ የነበረ ቤት ተማሪና ጎብኚ በብዛት ሲገባበት ከላይ የተነሳው ጥያቄ እዚህም ይነሳል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚካሄድ የጥገናና የዕድሳት ሥራ አስቀድሞ እንዲፈቀድ ደንግጓል። የፈቃድ ጥያቄው በሚታይበት ጊዜ የእሳት አደጋ ባለሙያ አብሮ ቢቀመጥ አንድ ሕንፃ ሁለት ጊዜ ከመቆፈር ይድናል።

ጥንቃቄው የሩቅ አገር ወሬ አለመሆኑን አዲስ አበባም አይታለች። በፒያሳ የሚገኘውና የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል የሆነው ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም በእሳት ሲጎዳ ሙዚቃ ይቀርብበት የነበረው የጃዝ አምባ አዳራሽ ወድሟል። አዳራሹ ታዳሚ ሞልቶት በነበረበት ምሽት ቢሆን ኖሮ የሚነገረው ስለ ጠፋው ቅርስ ብቻ ባልሆነ ነበር።

የካምፔፔ ኮሚሽን በጆሃንስበርጉ ሕንፃ ላይ ያቀረበው ምክረ ሐሳብ እንዲፈርስ የሚል ነው። በአልበርት ጎዳና ሕንፃ ላይ በይለፍ ደብተር ዘመን በበሩ ተሰልፈው የዋሉትን የሚያስታውስ ሰሌዳ ነበር፤ ኮሚሽኑ አሁን በዚያው ሥፍራ በእሳቱ ለሞቱት ሌላ የመታሰቢያ ሰሌዳ እንዲቆም ጠይቋል።