ሰፊ አገር ሰፊ ሌንስ ይፈልጋልን?

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በከላላና በመካነ ሰላም አካባቢ፣ ካሜራ ይዞ ገደል አፋፍ ላይ የሚቆም ወጣት ሁሉ የሚያሰማው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። ዓይኑ ከዳር እስከ ዳር የሚያየውን ሸለቆ፣ ከሥር የሚታየውን ቆላና ከማዶ የተገተረውን ተራራ ካሜራው አልበቃው ይላል። ስለሆነም ለካሜራው ሌላ ሌንስ፣ በፎቶግራፍ አንሺዎች አነጋገር «ዋይድ» ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል። አገሩ ሰፊ ስለሆነ ሌንሱም ሰፊ መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ ከመለመዱ የተነሣ የሚጠይቀው ሰው የለም። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሆኖም ለገደሉ የሚሆን መሣሪያ አይደለም። አንድ ተማሪ በብዙ ድካም ያጠራቀመውን ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ጉዳዩን በሒሳብ መመርመር ይገባዋል።

በመጀመሪያ «ክሮፕ» የሚባለው ካሜራ ምን እንደሆነ እንመልከት። በቀድሞው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ የሚያርፈው ምስል 36 ሚሊ ሜትር ወርድና 24 ሚሊ ሜትር ቁመት ነበረው። ዛሬ «ፉል ፍሬም» የምንለው ዲጂታል ካሜራ ሴንሰሩ ይህንኑ መጠን ይዟል። ትልቅ ሴንሰር መሥራት ውድ ስለሆነ ግን በአብዛኛው ተማሪ እጅ የሚገባው ካሜራ አነስ ያለ ሴንሰር ያለው ነው፤ የካኖኑ 22.3 በ14.9፣ የኒኮኑ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሌንሱ የሚሠራው ምስል አልተለወጠም። ምስሉን የሚቀበለው መስኮት ጠበበ እንጂ።

የመጥበቡን መጠን ለማወቅ ከ9ኛ ክፍል ሒሳብ ያለፈ ዕውቀት አያስፈልግም። ከፊታችን ባለ አንድ ርቀት ላይ ስንት ሜትር ወርድ በፎቶው እንደሚገባ ለማግኘት ርቀቱን በሴንሰሩ ወርድ እናባዛለን፤ ውጤቱንም ለሌንሱ የትኩረት ርቀት እናካፍላለን። በዚህ ስሌት 18 ሚሊ ሜትር ሌንስ በፉል ፍሬም ካሜራ ላይ 90 ዲግሪ የአግድም ዕይታ ሲሰጥ፣ በካኖኑ ክሮፕ ካሜራ ላይ 64 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይሰጣል። የጎደለውን ለመመለስ 11 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ አጭር ሌንስ መሥራት ደግሞ ቀላል አልነበረም። በእነዚህ ካሜራዎች ውስጥ በሌንሱና በሴንሰሩ መካከል የሚገለበጥ መስታወት አለ። በካኖን ካሜራ ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 44 ሚሊ ሜትር ነው። ታዲያ 10 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ሌንስ ከመስታወቱ ጀርባ ገብቶ መቀመጥ አይችልም። መፍትሔው ከፊት ጨረሩን የሚበትን ትልቅ ጎድጓዳ መስታወት፣ ከኋላ ደግሞ የሚሰበስብ ክፍል ማድረግ ሆነ። ይህን ዘዴ የፈረንሳዩ አንዤኒዮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 ለፎቶ ካሜራ አዋለው። ለክሮፕ ካሜራ ተብለው የተሠሩት ሰፊ ሌንሶች ግን የመጡት ዘግይተው ነው፤ የኒኮን 12–24 እ.ኤ.አ. በ2003፣ የካኖን 10–22 በ2004። ሁለቱም ለተማሪ የሚቀመሱ አልነበሩም። ካኖን 10–18ን በ2014፣ ኒኮን 10–20ን በ2017 እያንዳንዳቸውን በ300 ዶላር ገደማ ካወጡ ወዲህ ነው ነገሩ ወደ ተማሪ ኪስ የተጠጋው። 300 ዶላርም ቢሆን ለከላላ ተማሪ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

አሁን ወደ ገደሉ እንመለስ። ከቆምንበት አፋፍ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ 1000 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ ፊት ለፊታችን አለ እንበል፤ ወደ ዓባይ በሚወርዱት ሸለቆዎች ዘንድ ይህ የተጋነነ ግምት አይደለም። በ10 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያ ግድግዳ በሴንሰሩ ላይ የሚይዘው ቁመት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከፎቶው ቁመት 13 በመቶ መሆኑ ነው። የቀረው 87 በመቶ ሰማይና እግራችን ሥር ያለ ሣር ይሆናል። ከካሜራው ጋር አብሮ በሚሸጠው የተለመደ 18–55 ሌንስ፣ በ18 ሲነሣ ግድግዳው 24 በመቶ፣ በ55 ሲነሣ 74 በመቶ ይይዛል። ሰውን ያስደነገጠው ገደል በሰፊው ሌንስ ሲነሣ የመስክ ድንበር መስሎ የሚቀርበው በዚህ ምክንያት ነው። ዓይናችን ሸለቆውን በአንድ ጊዜ አላየውም፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዞረ ቁራጭ በቁራጭ አይቶት አእምሯችን ነው የገጣጠመው።

ካሜራውም ይህንኑ ማድረግ ይችላል። 18–55 ሌንሱን በ18 ላይ አድርገን ካሜራውን በቁሙ ብንይዘው እያንዳንዱ ፎቶ 45 ዲግሪ ወርድ ይኖረዋል። በየፎቶው መካከል 30 ዲግሪ እየዞርን አራት ብናነሣ በድምሩ 135 ዲግሪ እናገኛለን፤ 10 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 96 ነው። 30 ዲግሪ ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ክንዳችንን ዘርግተን የጨበጥነው እጅ 10 ዲግሪ ገደማ ስለሚይዝ ሦስት ጭብጥ ይበቃል። የብርሃኑ መጠንና ትኩረቱ ከፎቶ ፎቶ እንዳይለዋወጡ በእጅ ተስተካክለው ይቆለፉ። ፎቶዎቹን ለመግጠም ሁጂን የተባለውን ነፃ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል። የሚንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የከብት መንጋ፣ በመጋጠሚያው ላይ ሲያልፍ ሁለት ራስ ያለው በሬ ሊፈጠር ይችላል፤ ይህም ቢሆን ገንዘብ አያስወጣም።

ከዚህ ይልቅ የሚበልጥ ጥቅም ያለው ሌላ ነገር አለ። በፎቶ ውስጥ ቅርቡና ሩቁ እርስ በርሳቸው የሚኖራቸውን መጠን የሚወስነው የቆምንበት ቦታ ነው፤ ሌንሱ አይደለም። ሌንሱ የሚወስነው ጠርዙ የት ላይ እንደሚቆረጥ ብቻ ነው። ይህ ሐቅ ለደጋው ልጆች ያለውን ትርጉም ከከላላ በስተሰሜን በምትገኘው መቅደላ ታሪክ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከምሕንድስና ክፍሉ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ፤ በመንገዳቸውም ተራራውንና መስኩን አነሡ። ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ ቤልጅየማዊው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ የእነዚያን ፎቶዎች ሥፍራ ፈልገው እንደገና አነሡ፤ በ2009 ባሳተሙት ጥናትም በተነሡት ቦታዎች የዕፅዋት ሽፋኑና የመሬት አያያዙ ከ1868ቱ የተሻለ ሆኖ መገኘቱን ገለጹ። ደኑ ዱሮ ሙሉ ነበረ፣ ዛሬ ጠፋ የሚለውን የተለመደ አባባል ፎቶ ተከራከረው ማለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ዋናው ነገር በትክክል በዚያው ሥፍራ መቆም ነው። አንድ የከላላ ትምህርት ቤት ክበብ በአንድ ቦረቦር አፋፍ ላይ ድንጋይ አኑሮ ምልክት ቢያደርግ፣ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ከዚያው ድንጋይ በዚያው 18–55 ሌንስ ቢያነሣ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በእጁ የሚኖረው ማስረጃ እጅግ ውድ በሆነ ሌንስ ከተነሣ አንድ ውብ ፎቶ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

እንግዲህ ሰፊው ሌንስ ለምን ይጠቅማል? ወደ ኋላ ማፈግፈግ ለማይቻልበት ቦታ ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ቤት ውስጥ ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን ብንቆም 18 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ከማዶው ግድግዳ ላይ 5 ሜትር ገደማ ያሳያል፤ ይኸውም ግድግዳውን ይሸፍናል። ግን በግራ ያለው መደብ፣ በቀኝ ያለው ጎታ፣ አጠገባችን ያለው ምድጃ ይቀራሉ። 10 ሚሊ ሜትሩ እነዚህን ሁሉ ያስገባል። የቆየ የድንጋይ ቤት ፈርሶ በቆርቆሮ ቤት ከመተካቱ በፊት ውስጡን መዝግቦ ለማስቀረት የሚፈልግ ሰው ሌንሱን ቢገዛ ገንዘቡ አልባከነም። በጠባብ የገበያ መተላለፊያና በዳስ ውስጥም እንዲሁ ነው።

በመስክም ቢሆን ቦታ አለው፤ ጉዳዩ መቅረብ ነው። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አንዱን ጅብራ በአንድ ሜትር ተጠግቶ የሚያነሣ ሰው ተክሉንም የሚኖርበትንም ደጋ በአንድ ፎቶ ያገኛል። ለቀይ ቀበሮ ግን አይሞከር። 20 ሜትር የራቀ፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው እንስሳ በዚህ ሌንስ የሚይዘው ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፤ አንሺውንም ወደ እንስሳው እንዲጠጋ ይፈትነዋል። ቁጥሩ የተመናመነን እንስሳ ለፎቶ ብሎ ማሯሯጥ ነውር ነው።

የሌንሱም ጠባይ መታወቅ አለበት። ቀጥ ያለውን መስመር ቀጥ አድርጎ ለማሳየት ሲል ጠርዝ ላይ ያለውን ይለጥጣል። በ10 ሚሊ ሜትር ሲነሣ በግራና በቀኝ ጫፍ ያለ የሰው ፊት ከቁመቱ አንጻር አንድ ተኩል ጊዜ ይሰፋል፤ እንስራውም ይወፍራል። ሽማግሌዎችን ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ማንሣት ክብራቸውን መንካት ስለሆነ ሰውን ወደ መካከል፣ ዕቃውን ወደ ዳር ማድረግ ይሻላል። ፖላራይዘር የተባለውን ማጣሪያ ለሚጠቀሙ ደግሞ አንድ ማስታወሻ አለን። የሰማይ ብርሃን ዋልታነት የሚበረታው ከፀሐይ 90 ዲግሪ በራቀው ክፍል ስለሆነ፣ 96 ዲግሪ በሚያይ ሌንስ ላይ ማጣሪያው የደጋውን ሰማይ ከፊሉን ጥቁር፣ ከፊሉን ፈዛዛ ያደርገዋል።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ሌንሱን ከራሱ ካሜራ ጋር ገጥሞ ሳይሞክር ገንዘቡን አይቁጠር። የኒኮን 10–20 እንደ ዲ40፣ ዲ60፣ ዲ90 እና ዲ3000 ባሉ የቆዩ ካሜራዎች ላይ አይሠራም፤ እነዚህ ደግሞ በእጅ በእጅ ገበያ የሚዞሩ ናቸው። በ2008 የወጣው የቶኪና 11–16 የመጀመሪያ ሥሪት የራሱ ሞተር ስለሌለው በዲ40፣ በዲ60 እና በዲ3000 ላይ ትኩረቱ በእጅ ብቻ ይስተካከላል፤ በዲ90 ላይ ግን ካሜራው ራሱ ያዞረዋል። የካኖን 10–18 በካኖን ፉል ፍሬም መስታወት ካሜራ ላይ አይገጥምም፤ መስታወት በሌላቸው አዲሶቹ ካኖኖች ላይ ግን በመሸጋገሪያ ቀለበት ይሠራል። በ18–55 ሌንስ አፍ ላይ የሚጠመዘዘውን ርካሽ «ዋይድ» መስታወት ግን፣ የፎቶውን ዳርና ዳር ስለሚያደበዝዝ፣ በነፃ ቢሰጥ እንኳ አንመክርም።