ከመጽሐፉ በፊት የፓርቲ መታወቂያ

የደራሲው የሐማ ቱማ ስም በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ከመጽሐፉ አይጀምርም። አንዱ «የኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ) ሰው ነው» ይልና ሳይገልጠው ይዘጋዋል፤ ሌላው በዚያው ምክንያት ሳይገልጠው ያወድሰዋል። ደራሲን በድርጅቱ የመመዘን ልማድ ሂሳችንን ካደኸዩት ነገሮች ዋናው ነው ባይ ነኝ።

ኢያሱ ዓለማየሁ (ሐማ ቱማ የብዕር ስሙ ነው) ከኢሕአፓ መሪዎች አንዱ እንደነበር ማንም አይክድም። ድርጅቱ በከተማ ግድያ ውስጥ መግባቱም አይካድም። በዚያ በደርግ ዘመን ወንድሙን ያጣ ሰው ስሙን ሲሰማ ቢቆጣ አልፈርድበትም። ቁጣው ግን መጽሐፉ ጥሩ ይሁን መጥፎ አይነግረንም።

የሚዘነጋው ሰውየው ሕግ ያጠና መሆኑ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ሃይነማን በአፍሪካ ጸሐፍት ተከታታዩ ያሳተመለት፣ በአንድ ሶሻሊስት ጠንቋይ ክስ የተሰየመው የእንግሊዝኛ የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ብዙውን ጊዜ የሚውለው ችሎት ነው። ታሪኮቹ እንደ መዝገብ «የእገሌ ጉዳይ» እየተባሉ ይከፈታሉ። ማይሙ አሻጥረኛ ይቀርባል፤ ጀግናው ገራፊ ይቀርባል። ክስ ይነበባል፣ ክርክር ይሰማል፣ ፍርድ ይሰጣል፤ ከሥነ ሥርዓቱ የጎደለ የለም፣ የጠፋው ፍትሑ ብቻ ነው። ሳቁም የሚመጣው ከዚሁ ነው። መፈክር የለመደ ካድሬ ይህ አይሆንለትም፤ የክስን አካሄድ ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

ፌዙ ተጋነነ የሚል ታሪኮቹ የሚሣለቁበትን የደርግ ዘመን ያስታውስ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ልዩ የጦር ፍርድ ቤት በአዋጅ አቋቋመ። በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን ደግሞ ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትንና መኮንኖችን አንድ ችሎት እንኳ ሳያቆም ረሸነ። ከዚህ በላይ ልቦለድ ምን ይጨምርበታል?

እኔን ከጠየቃችሁ የመድበሉ ድካም ሌላ ቦታ ነው። ቀልዱ አንዳንዴ ገጸ ባሕርያቱን ጥሎ ይሮጣል፤ ተከሳሾቹ በየራሳቸው አንደበት ሳይሆን በደራሲው አንደበት ያሽሟጥጣሉ። እንዲህ ያለውን ነቀፌታ የሚያነሣ ብዙ አልሰማሁም፤ ለዚህ ማንበብ ይጠይቃላ!

ምድብ ችሎት ባለበት በአዲስ አበባ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ለምንኖር ሰዎች መጽሐፉ ሩቅ አይደለም። ማመልከቻ አስጽፎ፣ ቀጠሮ ጠብቆ፣ ጉዳዩ በሕግ ቋንቋ ሲነበብ የገዛ ታሪኩ እንግዳ የሆነበት ባለጉዳይ ከሳሪስ እስከ ለቡ በየሰፈሩ አለ። ኢሕአፓን ወደደም ጠላም፣ እነዚያን ተከሳሾች ከብዙ ሃያሲ ይልቅ እሱ ይረዳቸዋል።

የሕግ መምህራን ሆይ፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ስታስተምሩ ከእነዚህ ታሪኮች አንዱን ለተማሪዎቻችሁ ስጧቸው። ሃያስያንም ስለ ኢሕአፓ የምትሉትን በሉ፤ መጀመሪያ ግን መጽሐፉን አንብቡት።