የባትሪ ድንጋይ ስንገዛ ቁጥሩን ሳይሆን ሚዛኑን እንመን

እንደሚታወቀው ከመካከላችን ብዙዎቻችን ሥልጠናችንን ፈጽመን የምንመደበው የመብራት መሥመር ባልደረሰበት፣ ቢደርስም እንደ ልብ በማይገኝበት የገጠር ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ማታ ደብተር የሚታረመውም ሆነ የነገው ትምህርት የሚዘጋጀው በእጅ ባትሪ ወይም በፀሐይ በሚሞላ ፋኖስ ነው። የኩራዝና የላምባ ጭስ ቀስ በቀስ ሲሸሽ በቦታው እየተተካ ያለው በኤሌክትሪክ የሚሞላው ባትሪ መሆኑ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ደስታችን ሙሉ እንዳይሆን የሚያደርግ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የምንገዛውን ነገር አለማወቃችን ነው።

በዚህ ጉዳይ በመኝታ ክፍሎቻችን ሁለት ዓይነት ወሬ እንሰማለን። አንደኛው ወገን «እሳት ሳያስነሣብን በፊት ዶርም ውስጥ ባትሪ መሙላት ጭራሽ ይከልከል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ኧረ ምን አለበት! ድንጋይ ያው ድንጋይ ነው፤ ርካሹን ገዝቶ መገላገል ነው» ባይ ነው። እኛ በሁለቱም አንስማማም። ክልከላው ሰውን ከብርድ ልብስ ሥር ተደብቆ ወደ መሙላት ይገፋዋል፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ የከፋው አሞላል ነው። ግድየለሽነቱም ቢሆን ኪስንም ሰውነትንም ያቃጥላል። የሚበጀው አውቆ መግዛትና አውቆ መሙላት ነው እንላለን።

በመሠረቱ ስሙ ራሱ ሳያዘናጋን አልቀረም። «የባትሪ ድንጋይ» ስንል ያደግንበት ያ ቀዩ ወይም ጥቁሩ፣ 1.5 ቮልት የሚሰጠው፣ ሲያልቅ የሚጣለው ደረቅ ድንጋይ ትዝ ይለናል። እሱ ትዕግሥተኛ ነው፤ ሲደክም ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ብዙም አይቆጣም። ዛሬ በእጅ ባትሪዎችና በፓወር ባንኮች ውስጥ የምናገኘው ሊቲየም አዮን ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 በጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ሲሆን፣ ለዚህ የደረሰበትን ጥናት ያካሄዱት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በትንሽ ቦታ ብዙ ኃይል ያጭቃል፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ግን ተቀጣጣይ ነው። ስለዚህ የቀድሞውን ድንጋይ እንደያዝን ልንይዘው አይገባም።

ከዚህ ዘር በብዛት የሚታየው 18650 የተባለው ነው። ስሙ ምሥጢር የለውም፤ 18 ውፍረቱ በሚሊሜትር፣ 65 ርዝመቱ በሚሊሜትር ሲሆን፣ የመጨረሻዋ 0 ክብ ዘንግ መሆኑን ታመለክታለች። መደበኛ ቮልቱ 3.6 ወይም 3.7፣ ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ነው። ከ2.5 ቮልት በታች እንዲወርድም አይፈቀድም።

እንግዲህ ወደ ገበያው እንውረድ። ሱቅ በደረቴ የያዘው ልጅም ሆነ ባለሱቁ «ኦርጅናል ነው» እያለ የሚያሳየን ድንጋይ ላይ 6800፣ አንዳንዴም 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ ሲያድግ ዐይናችን ይበራል። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ በዚህ መጠን ከሚሠሩት ድንጋዮች መካከል ታላላቆቹ ፋብሪካዎች የሚያወጡት ምርጡ እንኳን ከ3500 ወይም 3600 እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ 9900 የሚለው ጽሑፍ ማጋነን ሳይሆን ውሸት ነው። እንዲህ ዓይነቶቹ ድንጋዮች ሲፈተሹ ብዙ ጊዜ ከ1500 በታች ሆነው ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ከአሮጌ ላፕቶፕ ተፈትተው አዲስ ልብስ የለበሱ ናቸው፤ አንዳንዶቹም በትልቁ ቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ድንጋይ ተቀምጦ ዙሪያው ዱቄት የተሞላ ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩ በትልቁ የተጻፈበት ነው እንግዲህ አነስተኛው!

ታዲያ በምን እንለይ? አንደኛው ዘዴ ሚዛን ነው። እውነተኛው 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ገደማ ይመዝናል። ቡናና በርበሬ የሚመዝነው ባለሱቅ አራቱን አንድ ላይ ቢያስቀምጥልን 180 ግራም አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ልናይ ይገባል። 120 ወይም 130 ካየን ገንዘባችንን ወደ ኪሳችን መመለስ ነው። ክብደት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቀላል ሆኖ መገኘት ግን በቂ ጥርጣሬ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ሰዓት ነው። 1 አምፔር በሚሰጥ ቻርጀር ባዶው 3000 ሚሊአምፔር ሰዓት ድንጋይ ለመሙላት ከ3 ሰዓት በላይ ይወስዳል። 9900 የተባለው እውነት ቢሆን ኖሮ ወደ 10 ሰዓት ሊወስድ በተገባው ነበር። በአንድ ሰዓት ተኩል «ሞላሁ» ካለን ከ1500 በላይ እንደማይዝ ራሱ መሰከረ ማለት ነው።

ሦስተኛው ዘዴ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ኪስ የምትገባ ቀላል ፓወር ባንክ ላይ 50000 ተብሎ ተጽፎ እናያለን። 50000ን ለምርጡ ድንጋይ ለ3500 ብናካፍለው ከ14 በላይ ድንጋይ ያስፈልጋታል። ይህ ድንጋዩ ብቻ ወደ 700 ግራም ነው! ያቺ ቀላል ዕቃ ይህን ከየት አመጣችው? በሌላ በኩል እውነተኛዋ 10000 የምትለው ፓወር ባንክ ለስልክ የምታቀብለው 10000 ሙሉ አይደለም። በውስጧ ያለው በ3.7 ቮልት ሲታሰብ 37 ዋት ሰዓት ነው፤ ወደ 5 ቮልት ሲለወጥ 7400 ይሆናል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ ደግሞ ከ6000 ብዙም የራቀ አይደለም። ይህ ማጭበርበር ሳይሆን የፊዚክስ ሕግ ነው፤ ሁለቱን መለየት የኛ ፋንታ ነው።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ እንዳይመስለን ደግሞ ከሌላ አገር የተገኘ ትምህርት እናንሣ። በአሜሪካ ቬፕ የሚሉት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚሠራው ብዙ ጊዜ በዚሁ በ18650 ወይም በዘመዶቹ ነው። የአገሪቱ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2009 እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ በዜና የተዘገቡ 195 የእሳትና የፍንዳታ አደጋዎችን ቆጥሯል፤ በ133ቱ ሰው ተጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በፍሎሪዳ፣ በ2019 ደግሞ በቴክሳስ በዚሁ ዕቃ ፍንዳታ ሰው ሞቷል። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ይህን ሲጋራ ስለከለከለ ስለ ዕቃው የምንመክረው የለንም። ትምህርቱ ያለው ከ195ቱ አደጋዎች 61ዱ የደረሱት ዕቃው ወይም ትርፍ ድንጋዩ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ መሆኑ ላይ ነው። 48ቱ ደግሞ የደረሱት ሲሞላ ነው።

ኪስ ውስጥ ምን አለ? ቁልፍ አለ፣ ሳንቲም አለ። የ18650 ቆርቆሮ ከታች እስከ ላይ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ፖዘቲቩን ጫፍ ከሱ የሚለየው ቀጭን ቀለበትና ስስ የላስቲክ ልብስ ብቻ ነው። ልብሱ ከተቀደደ ወይም ቁልፍ ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ «ኮንታክት» ይፈጠራል፤ ድንጋዩ በሰከንዶች ይግላል፣ ከዚያም ሊነድ ይችላል። ታዲያ እኛስ ትርፍ ድንጋይ ከዶርም ቁልፍ ጋር በአንድ ኪስ ስንከት ከቬፕ አጫሹ በምን ተሻልን? ለዚህ ነው የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ነጠላ 18650 ድንጋይ አትግዙ ብሎ ሕዝቡን ያስጠነቀቀው። ፋብሪካዎቹ የሚሠሩት መከላከያ ሰርኪት ባለው ዕቃ ውስጥ እንዲታሰር እንጂ እንደ ከረሜላ ለብቻው እንዲቸረቸር አይደለም።

እንግዲያው ምን ዓይነቱን እንምረጥ? ከሁሉ የሚሻለው ድንጋዩና መከላከያው ተሟልቶ ከታወቀ ፋብሪካ የወጣ የእጅ ባትሪ ወይም ፋኖስ ነው። ነጠላ ድንጋይ መግዛት ግድ ከሆነ መከላከያ ሰርኪት የተገጠመለት ይሁን፤ እሱ ከ65 ሚሊሜትር ረዘም ስለሚል ከመግዛታችን በፊት በባትሪያችን ውስጥ መግባቱን እንሞክር። የፕላስቲክ ማስቀመጫም አብሮ ይገዛ። ብዙ የሚይዝ ድንጋይ በአንዴ ብዙ እንደማይሰጥም እንወቅ። ለምሳሌ ያህል ከሳምሰንግ ድንጋዮች 25አር የተባለው 2500 ይዞ 20 አምፔር ያለማቋረጥ ሲሰጥ፣ 35ኢ የተባለው ወደ 3500 ይዞ የሚሰጠው 8 አምፔር ነው። ደብተር ለማረም ለሚበራ ባትሪ ሁለተኛው ይበቃል፤ ስለዚህ «30 አምፔር» የሚል ጽሑፍ አይቶ ተጨማሪ መክፈል ከንቱ ነው።

ለፀሐይ ፋኖስ ከሆነ ሊቲየም ብረት ፎስፌት የተባለውን ዓይነት ብንመርጥ ይበጃል። ቮልቱ 3.2 ነው፤ በተመሳሳይ መጠን የሚይዘው ኃይል አነስ ይላል፤ ሆኖም በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ተራው ሊቲየም ጥቂት መቶ ጊዜ ተሞልቶ ሲደክም እሱ ከሺህ ጊዜ በላይ ይሞላል። ለሬዲዮና ለግድግዳ ሰዓት ደግሞ በኒኬል የሚሠራው ተሞይ ድንጋይ፣ ማለትም 1.2 ቮልቱ፣ ይበቃል። ቻርጀሮቻቸውን ግን አናቀላቅል! የአንዱን በሌላው መሙላት አደጋ ነው።

«ይህ ሁሉ ጥሩ፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የኪስ ገንዘባችን ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ዋጋ የሚለካው በአንድ ቀን አይደለም። የከፈልነውን ብር በሞላንበት ጊዜ ብዛት እናካፍለው። ሁለት እጥፍ ከፍለን 400 ጊዜ የሞላነው ድንጋይ፣ በግማሽ ዋጋ ተገዝቶ በ50ኛው ጊዜ ከሞተው ይልቅ በአራት እጥፍ ይረክሳል። ያም የያዘው እኩል ነው ብለን ነው፤ እሱም እኩል አይይዝም።

ስለ አሞላሉ ብዙ ማለት አያሻም። በአልጋ፣ በፍራሽና በትራስ ላይ አይሞላ፤ ተኝተን አንሙላ፤ ከሞላ በኋላ ይነቀል። ልብሱ የተቀደደ፣ የተጨረማመተ ወይም ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የተገኘ ድንጋይ ተመልሶ አይሞላ። የተነፋ ፓወር ባንክ አይወጋ፣ እሳት ውስጥም አይጣል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ መምህሮቻችን የፊዚክስ ክፍሉን ቴስተርና ሚዛን በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢፈቅዱልን የያዝነውን ሁሉ ለክተን መጥፎውን ከጥሩው እንለያለን፤ ይህ ራሱ የማይረሳ ትምህርት ነው። ሁለተኛ፣ በየመኝታ ሕንፃው መተላለፊያ ላይ የሲሚንቶ ወለል ባለበት አንድ የመሙያ ጠረጴዛ ይዘጋጅ፤ ተረኛ ይመደብለት፤ መሙላት የሚፈቀደውም በዚያ ብቻ ይሁን። ሦስተኛ፣ ምረቃ ከመድረሱ በፊት ተሰባስበን ከታመነ ሱቅ በአንድ ላይ እንግዛ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በሱቅ በርም ይሠራል፤ ለሠላሳ ሰው የሚሸጥ ነጋዴ ሚዛን አምጣ ቢሉት አይቆጣም።

ይህን የምንለው ለራሳችን ብቻ አይደለም። ነገ በተመደብንበት ቀበሌ የገበሬው ልጅ ከገበያ የተገዛ ባትሪ ይዞ ይመጣና «ጋሼ፣ ይሄ ጥሩ ነው?» ወይም «እትዬ፣ ለምን ይግላል?» ብሎ ይጠይቀናል። ጠያቂው ያንን ዕቃ ማታ ወስዶ ከታናናሾቹ ጋር በሚተኛበት መደብ ላይ ሊሰካው ነው። የዚያን ጊዜ መልሳችን «እንጃ» ከሆነ የያዝነው ዲፕሎማ ምን ይረባል? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬ እዚሁ እንማር፣ እንለካ፣ እንመዝን።