ጠያቂ ያልመጣላቸው
(የቤተሰብ ዓምድ)



ታመው አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያን ወደሚጦሩበት ስፍራ ሄዶ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛን ማገዝ ሲባል፣ ለብዙዎቻችን የሚታየን ምግብ ማደልና አንሶላ ማጠብ ነው። እርሱም የተቀደሰ ተግባር ነው። የሚበልጠው ድካም ያለው ግን ታማሚው ማን እንደ ነበሩ ጠይቆ በመረዳት ላይ ነው እንላለን። ለምሳሌ በጅቡቲ ከተማ የሚገኘውን አርሂባን እንመልከት።

አርሂባ በአብዛኛው አፋሮች የሚኖሩበት የወደብ ወዛደሮች ሠፈር ነው። ከአዛውንቱ መካከል ዕድሜያቸውን ጆንያ በመሸከም የጨረሱ አሉ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲቀሰቀስ የሀገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ስንዴውም ማዳበሪያውም በዚያው አለፈ። ከጊዜ በኋላ ኮንቴይነርና ክሬን የትከሻውን ሥራ እየወሰዱት ሄዱ። ትከሻው ግን ሕመሙን ይዞ ቀረ።

የጅቡቲ መንግሥት የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው። አፋርኛ ብቻ የሚናገሩ አዛውንት ሐኪም ቤት ሲገቡ ወረቀቱን ማን ያነብላቸዋል? ረዳቱ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ደጋግሞ ያስረዳል፤ ዘመድ ያፈላልጋል። አፋር ድንበር ተሻግሮ የሚዛመድ ሕዝብ ነውና የታማሚው እኅት አሳይታ ወይም ሎጊያ ትኖር ይሆናል። አንድ የስልክ ጥሪ ከብርድ ልብስ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ታኅሣሥ 8 ቀን 1984 ዓ.ም. የጅቡቲ የመንግሥት ኃይሎች በአርሂባ ነዋሪዎች ላይ ተኩስ ከፍተው ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል። ያን ቀን ያዩ አዛውንት የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ሲጠጋቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ቢያዞሩ እንደ ንቀት ሊቆጠርባቸው አይገባም። እኛ በደንብ ልብሳችን የምንኮራ ሰዎች ይህን መስማት ሊከብደን ይችላል። ቢሆንም ወደ ማንኛውም የአረጋውያን መጦሪያ ስንሄድ በሲቪል ልብስ እንሂድ፤ ጨዋታውንም ባለቤቶቻችን ይጀምሩት።

አዲስ አበባ ላላችሁ መንገዱ ቅርብ ነው። አቶ ቢኒያም በለጠ የመሠረቱት የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከየጎዳናው የተነሡ አረጋውያንን ይጦራል። እዚያም ሆነ ሌላ ስፍራ ስትሄዱ፣ የያዛችሁትን ሳታስረክቡ አስቀድማችሁ አስተናጋጁን ጠይቁ፦ በዚህ ወር ጠያቂ ያልመጣላቸው የትኞቹ ናቸው?